ባለቤቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው

ወንበሩ ላይ እሾሃማ አበባ ተቀምጧል። የደረቀ ነው፤ የኮሸሽላ ራስ ይመስላል። ወንበሩ ደግሞ ሐር የለበሰ፣ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈ። አክስቴ አበባውን አንስተው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ጥግ ላይ የቆሙ ፀጉራቸው የሸበተ እንግሊዛዊት ሴትዮ ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱ። በእነዚህ ቤቶች «መቀመጥ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ነውር ይመስላቸዋል መሰለኝ። እሾህ ያስቀምጡና የቀረውን ለመቀመጫዎ ይተዉታል።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው። ለንደን በሳምንት ሰለቻቸውና «ገጠሩን አሳየኝ» አሉኝ። ቤቱ ከመንደር ወጣ ብሎ፣ በመስክና በበጎች መሃል የቆመ የባላባት ቤት ነው። ሥዕሉን አዩ፤ የብር ዕቃውን አዩ፤ እንደ ግብር አዳራሽ የተንጣለለውን የምግብ ክፍል አዩ። ከዚያ ቆም አሉና «የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ ግን የት ሄዱ?» አሉኝ። ጥያቄውን ለሴትዮዋ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ወደ ጣሪያው ጠቆሙ።

«ፎቅ ላይ ናቸው።»

አክስቴ ደነገጡ። «ሳናስፈቅድ ነው እንዴ የገባነው?»

መደንገጣቸው አይፈረድበትም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ የሰሙ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት ባላባት ከቤቱ የሚወጣው በአዋጅ ነው፤ ከወጣም ወጣ ነው። እንግሊዞች ግን አብዮት ሳያነሱ፣ በግብርና በሒሳብ ብቻ፣ ባላባቱን ወደ ላይኛው ፎቅ ሰደዱት። ሳሎኑ ለእኛ ተረፈ። ይህ እንዴት እንደሆነ ካልገባ፣ ዛሬ በእነዚህ ቤቶች ዙሪያ የሚሰማው ጭቅጭቅም አይገባም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ገጠር ቲኬት ቆርጠን የምንገባባቸው ቤቶች በራቸውን የከፈቱት በአብዛኛው እንግዳ ናፍቋቸው አይደለም። ጣሪያው ስላፈሰሰ ነው። እስከ 1870ዎቹ ድረስ ባላባቱ የሚኖረው ከጭሰኞቹ በሚሰበስበው የመሬት ኪራይ ነበር። ከዚያ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ መጣ። የእህል ዋጋ ወረደ። ኪራዩም አብሮት ወረደ። በ1894 መንግሥት የውርስ ግብር ጣለ። መጀመሪያ ላይ ከፍተኛው 8 በመቶ ነበር። በ1919 40 በመቶ ደረሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቆቹ ርስቶች ላይ 80 በመቶ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ አባት ሲሞት ከአሥር እጅ ስምንቱ ለመንግሥት ነው። ወራሹ ልጅ ደግሞ ቶሎ ከሞተ ሌላ ውርስ፣ ሌላ ግብር።

ሠራተኛውም ሄደ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገረዱንና አሽከሩን ወደ ፋብሪካና ወደ ጦር ሜዳ ወሰዳቸው፤ ሲያበቃ አብዛኞቹ ወደ ጌታ ቤት መመለስ አላማራቸውም። ቤቶቹ ራሳቸው በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ወታደር ሰፍሮባቸው፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሆነው ከርመው ነበር፤ የተመለሱት ተጎሳቁለው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ ከአንድ ሺህ በላይ የገጠር ቤቶች ፈርሰዋል። ደረጃው ለብቻ፣ ምድጃው ለብቻ፣ የጣሪያው እርሳስ ለብቻ ተቸበቸበ። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1974 ስለ ፈረሱት ቤቶች ትልቅ ኤግዚቢሽን ያሳየው ለቅሶው ገና ሳይበርድ ነው።

ላለመፍረስ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ናሽናል ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ1895 ሲመሠረት የባላባት ቤት የማዳን ሐሳብ አልነበረውም። ከሦስቱ መሥራቾች አንዷ ኦክታቪያ ሂል በለንደን የድሆች መኖሪያ ላይ የሠሩ ሴት ናቸው። ጭንቀታቸው በጭስ የታፈነው የከተማ ሕዝብ አየር የሚተነፍስበት ሜዳ እንዳያጣ ነበር። ድርጅቱ የገዛው የመጀመሪያ ሕንፃም ቤተ መንግሥት አይደለም። በሰሴክስ፣ አልፍሪስተን በምትባል መንደር ያለ የድሮ የቄስ ቤት ነው። በ1896 በ10 ፓውንድ ተገዛ። ትልልቆቹ ቤቶች የመጡት በኋላ፣ የ1937ቱ ሕግ ሲወጣ ነው። ሎርድ ሎቲያን የሚባሉ መኳንንት ለዚህ ሕግ ብዙ ደክመው ነበር፤ እሳቸው በ1940 ሲሞቱ በኖርፎክ የሚገኘውን ብሊክሊንግ ሆልን ለድርጅቱ ተናዘዙ። ስምምነቱ ይህን ይመስላል፦ ቤቱና ለጥገናው የሚሆን መሬት ወይም ገንዘብ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ግብሩ ይቀራል፤ ቤተሰቡ እዚያው ክፍሎች ተተውለት ይኖራል፤ ሕዝቡ በተወሰነ ቀን ይገባል። «ፎቅ ላይ ናቸው» ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቤቱን ይዞ ወደ ንግድ መግባት ነው። የሎንግሊቱ ጌታ በ1949 በሩን ከፍቶ ማስከፈል ጀመረ። መኳንንቱ ጉድ አሉ። በ1966 ደግሞ ግቢው ውስጥ አንበሳ ለቀቀ፤ ሰው በመኪናው ሆኖ በመሃላቸው እንዲያልፍ። የደርቢሸሩ ቻትስወርዝ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። አሥረኛው የዴቮንሸር መስፍን በ1950 ሲሞቱ 80 በመቶው መጣ። ቤተሰቡ መሬት ሸጠ፤ ሥዕል ሸጠ፤ ሃርድዊክ ሆል የሚባለውን ሌላውን ታላቅ ቤት ለመንግሥት አስረከበ። ዕዳውን ሲከፍል ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት። ዛሬ ቻትስወርዝ በጎብኚና በገበያ የሚኖር ቤት ነው፤ የእርሻ ውጤቶቹ ሱቅ ብቻውን ሰው ይጠራል።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ናሽናል ትረስት ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ይህን ያህል አባል ያለው የፖለቲካ ፓርቲ በአገሩ የለም፤ ሁሉም ተደምረው እንኳ አይደርሱም። ሆኖም በጁላይ 2025 ከሠራተኞቹ 6 በመቶውን፣ ማለትም 550 ገደማ የሥራ መደብ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክንያቱ የደመወዝ ወጪ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ገባ፤ አሠሪው ለብሔራዊ መድን የሚከፍለው ደግሞ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ አደገ። ካፌውን የሚያስተናግደው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚያጸዳው ሰው ይህን ገንዘብ ማግኘቱ ደግ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልከፋም። ግን የቤቱ ሒሳብ ደብተር ላይ ሲደርስ ቀን ይቆርጣል። አንዳንዱ ክፍል በሳምንት አምስት ቀን የነበረው ሦስት ቀን ይሆናል። ክፍሎቹን ቀድሞም የሚጠብቁት በአብዛኛው እንደ ሴትዮዋ ያሉ ጡረተኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነሱም ዕድሜ አላቸው።

በግል እጅ የቀሩት ቤቶች ጭንቀታቸው ሌላ ነው። የውርስ ግብሩ ተመልሶ መጥቷል። ለብዙ ዓመታት የእርሻ መሬትና የቤተሰብ ንግድ ከውርስ ግብር ነፃ ነበሩ። የሌበር መንግሥት በኦክቶበር 2024 ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነው ሀብት 20 በመቶ እንዲከፍል ወሰነ። ገበሬዎች በትራክተር ለንደን ገቡ። ከአንድ ዓመት በላይ ከተጯጯሁ በኋላ ከግብር ነፃ የሚሆነው መጠን ወደ 2.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ለትንሽ ገበሬ እፎይታ ነው። ሺህ ሄክታር መሬት ከጀርባው ላለው ታላቅ ቤት ግን ያው ነው። የሥዕሉን፣ የጣሪያውን፣ የግንቡን ወጪ የሚሸፍነው መሬቱ ነበርና። ለባላባት ልቤ አይሰበርም፤ እውነቱን ልናገር። ግን አንድ ነገር አያለሁ። ግብሩ ሲጠብቅ በሩ ይከፈታል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ቤቱ ለሆቴልና ለአፓርታማ ይሸጥና በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

ጎብኚው ይህን የሚያውቀው በቲኬቱ ነው። ታላላቆቹ ዘንድ ለአንድ አዋቂ 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። የናሽናል ትረስት የአንድ ሰው ዓመታዊ መዋጮ 100 ፓውንድ አካባቢ ነው። ለንደን ያሉት ብሔራዊ ሙዚየሞች ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚገባባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከከተማ የመጣ ሰው ገጠር ሲደርስ ዋጋው ያስደነግጠዋል። ሁለት ልጅ ይዞ ለአንድ ቀን ብቻ ለሚሄድ ሰው ኪስ ይጎዳል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን አባል ቢሆን ያዋጣዋል። በሴፕቴምበር ደግሞ «ሄሪቴጅ ኦፕን ደይስ» የሚባል ሰሞን አለ። ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ብዙ ታሪካዊ ሕንፃዎች ያለ ክፍያ ይከፈታሉ፤ ሌላ ጊዜ የማይከፈቱ ጭምር። ሀበሻው ይህን ብዙም አያውቀውም።

ስለ ካፌው አንድ ነገር ልበል። ወሩ ኦገስት ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል። አክስቴ ይጾማሉ። የእንግሊዝ ገጠር ሽርሽር ደግሞ ያለ ሻይና ያለ ስኮን አይሆንም። ስኮን ዳቦም ኬክም ያልሆነች ክብ ነገር ናት፤ ከላይ ማርማላታና ወፍራም ክሬም ይደረግባታል። መጀመሪያ ክሬሙ ይቀባ ወይስ ማርማላታው በሚለው ዴቮንና ኮርንዎል ዛሬም ድረስ ይጣላሉ። እናም በ2024 ጋዜጦች አንድ «ቅሌት» አወጡ፦ የናሽናል ትረስት ስኮን በቅቤ ሳይሆን በአትክልት ቅባት ነው የሚጋገረው! አገር ተቆጣ። ድርጅቱ «ከብዙ ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ሁሉም ሰው እንዲበላው ብለን ነው» አለ። እኔ በልቤ ለጾመኛ ያሰበ ሰው ተገኘ አልኩ። ለማረጋገጥ ጠየቅኩ፤ ወተት የለበትም አሉኝ። አክስቴ ክሬሙን ወደ እኔ ገፍተው በማርማላታ በሉት። «የጾም ሆኖ ይጣፍጣል» አሉ።

ወደ ዋናው ጠብ ልመለስ። ጠቡ የቅቤ አይደለም። የቤቱን ታሪክ ማን ይናገር የሚል ነው።

በሴፕቴምበር 2020 ናሽናል ትረስት ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ሰነድ አወጣ። ከሚያስተዳድራቸው ቦታዎች 93ቱ ከባሪያ ንግድና ከቅኝ ግዛት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚዘረዝር ነው። የቸርችል ቤት ቻርትዌልም ገባ። ያኔ ነው እሳት የተነሳው። ፖለቲከኞች ደብዳቤ ጻፉ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መርምሮ በማርች 2021 ጥፋት የለበትም አለ። በዚያው ዓመት «ሪስቶር ትረስት» የሚባል ቡድን ተቋቋመ። እሱም ድርጅቱ ወደ ጥንቱ ሥራው ይመለስ እያለ ዓመታዊ ጉባኤው ላይ የራሱን እጩዎች ይደግፋል።

ነገሩን በአንድ ቤት ላይ እንየው። ከባዝ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ዳይረም ፓርክ አለ። የሠራው ዊልያም ብላዝዌይት ነው፤ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ሰውየው ባላባት ሆኖ አልተወለደም። የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከሥልጣኖቹ አንዱ ከቅኝ ግዛቶች እርሻ የሚገባውን ገቢ መመርመር ነው። የቤቱ አንድ ደረጃ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛት በመጣ የዋልነት እንጨት የተሠራ ነው። ሲወጡት አይታወቅም፤ የሚያምር ደረጃ ነው። ሳሕን መያዣዎቹ ግን ይናገራሉ። ሁለት ጥቁር ሰዎች ተንበርክከዋል። በሰንሰለት ታስረዋል። በእጃቸው የዛጎል ቅርጽ ያለው ሳሕን ይዘዋል። ከእንጨት የተቀረጹ ናቸው፤ ሦስት መቶ ዓመት ተንበርክከው።

እንግዲህ ይህን ቤት የሚያሳይ ሰው ስለ ደረጃው እንጨት ጥራት ብቻ ነግሮን ይለፍ? «ፖለቲካ አታስገቡ» የሚሉ ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው። ፖለቲካው መጀመሪያውኑ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ያስቀመጠው። በሌላ በኩል፣ ወቀሳቸው ሁሉ ባዶ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ነገሩ በሁለት መስመር ጽሑፍ ታልፎ አይቻለሁ፤ «ይህ ቤተሰብ ከባርነት ተጠቅሟል» ብሎ ነጥብ። ማን? ስንት? በየትኛው እርሻ? ያለ ዝርዝር የተጻፈ ኑዛዜ ለሰሚውም አይጠቅም፣ ለተናዛዡም።

ዝርዝሩ ሲነገር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ዮርክሸር፣ ሃርውድ ሃውስ ይሂድ። ሃርውድ ከ1759 ጀምሮ በላሴልስ ቤተሰብ የተሠራ ነው፤ ገንዘቡ ከካሪቢያን ስኳርና ከባሪያ ንግድ መጣ። ብሪታንያ በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር ለባሪያ ጌቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች። ለባሮቹ አይደለም፤ ለጌቶቹ። ለዚያ የተወሰደው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የሃርውዱ ጌታ ከ1,200 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። የአሁኑ ጌታ ይህን አይደብቁም። ከባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ የመጡ ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር ገብተዋል። ቤቱ በመኳንንት ምስል በተሞላው ግድግዳ ላይ የዘር ሐረጋቸው ከካሪቢያን የሆነ ሰዎችን ምስል መጨመር ጀምሯል። ከእነሱ አንዱ ተዋናይ ዴቪድ ሃርውድ ናቸው። ስማቸውን ልብ በሉት። ቅድመ አያቶቻቸውን የገዛው ቤተሰብ የማዕረግ ስም ነው።

ከሃርውድ ወደ ሊድስ ሲወርዱ ሔዲንግሊ የሚባል ሰፈር አለ። ልዑል አለማየሁ በኖቬምበር 1879 ያረፈው እዚያ ነው። 18 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ቤት ታሪክ የእኛም የሚሆንበት ቦታ አለ። መቅደላ በ1868 ከወደቀ በኋላ የሰባት ዓመቱን ልጅ ይዘውት ሲመጡ ንግሥት ቪክቶሪያ ያገኙት ኦዝቦርን ሃውስ ነው፤ በዋይት ደሴት፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት። ዛሬ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚያስጎበኘው ቤት ነው። በ2020 ድርጅቱ የንግሥቲቱ የክርስትና ልጅ የነበረችውን ምዕራብ አፍሪካዊት የሳራ ፎርብስ ቦኔታን ምስል ሠርቶ እዚያ አሳይቷል። እኛ ደግሞ የአለማየሁን ታሪክ ይዘን ከገባን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። የልጆቹን መጫወቻ ክፍል አይቶ ማለፍ ይከብዳል። አስከሬኑ እስከ ዛሬ ዊንድሰር ነው፤ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንደገና አልተቀበለም።

ስለ ቤቱ ይህን ያህል ካወራን፣ መሬቱስ? ገጠሩ የማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይነግራችሁም እንጂ ጥሩ ወሬ አለ። በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ በእግሩ የማለፍ መብት ያለው መንገድ ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በግል እርሻ መሃል፣ በበግ መሃል፣ በባላባት መናፈሻ መሃል ያልፋል። ትንሽ ቢጫ ቀስት ያለበት ግንድ ካያችሁ ግቡ። ማንም አይከለክላችሁም። የብዙ ታላላቅ ቤቶችን ፊት ከዚህ መንገድ ላይ ሆኖ ያለ ቲኬት ማየት ይቻላል። እኔ ደመወዝ ሳይወጣ የምሄደው በዚህ ነው።

ከመንገዱ ስትወጡ ግን መብቱ ያልቃል። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የአጥር ሕጎች አወጣ። በእነዚህም የእንግሊዝ አንድ አምስተኛ ያህል መሬት ከጋራ ግጦሽነት ወደ ግል ተዛወረ። በኤፕሪል 1932 የማንቸስተር ሠራተኞች በጌቶች ለአደን የተከለለውን የኪንደር ስካውት ተራራ በጅምላ ወጡት። አንዳንዶቹ ታሰሩ። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ በ1949 ወጣ። የመጀመሪያው ፓርክ፣ ፒክ ዲስትሪክት፣ ያንኑ ተራራ ይዞ በ1951 ተከፈተ። በ2000 የወጣው ሕግ በፈለጉበት አቅጣጫ የመራመድን መብት ሰጠ፤ እሱም ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ። ጠቡ ግን አላለቀም። በዳርትሙር ድንኳን ተክሎ ማደር መብት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በሜይ 2025 መብት ነው ተባለ። የከሰሱት ባለመሬቶች ተሸነፉ።

ሕግ በር ይከፍታል። አውቶቡስ ግን ሕግ አያመጣውም። በ1963 የወጣው የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ የባቡር ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። የገጠሩ ባቡር የሞተው ያኔ ነው። ዛሬ ታላላቅ ቤቶች ትልቅ ፓርኪንግ አላቸው፤ የአውቶቡስ ፌርማታቸው ከግቢው በር ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ነጠላ ጉዞ ከ3 ፓውንድ እንዳይበልጥ መንግሥት ወስኗል። ግን የማይመጣ አውቶቡስ ርካሽ ቢሆን ምን ይጠቅማል? እኔና አክስቴ ስንመለስ አንዱ ቀረብን። ከግቢው ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር እንኳ በሌለበት፣ ለሁለት ሰዓት ቆምን። አክስቴ «እዚህም እንደ እኛው ነው» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

በ2019 ለመንግሥት የቀረበ የመልክዓ ምድር ጥናት አገሪቱ ገጠሩን «የነጮች ቦታ» አድርጋ እንደምታየው በግልጽ ጽፏል፤ ነጮቹም ሌሎቹም እንደዚያ ያዩታል ነው የሚለው። አንዳንድ ሰው ይህን ከጥላቻ ብቻ ያመጣዋል። ጥላቻ የለም አልልም፤ መንደር ውስጥ ስትገቡ መጋረጃ ገለጥ የሚያደርግ አለ። ከዚያ በላይ የሚከለክለው ግን መኪና ማጣት፣ እሑድ ሥራ መግባት፣ እና «እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ነገር ነው። ከእኛ ሰው መሃል ለንደን ሃያ ዓመት ኖሮ ከቤተ ክርስቲያን ጉዞ ውጭ ገጠሩን ያላየ ብዙ አለ። አገር ቤት ግን ገጠር ያደገ ነው። ጭቃ አይፈራም፤ ከብት አይፈራም። ገጠርን ከብዙ ለንደናውያን ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

በነጋታው እሑድ ነበር። ጓደኛዬ መኪናውን ይዞ ደረሰልንና ወደ ሌላ መንደር ሄድን። ይህኛው የባላባት ቤት አይደለም። ተራ ሰው የግል ግቢውን ለአንድ ቀን የሚከፍትበት ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1927 ነው። ኤልሲ ዋግ የተባሉ ሴት ለመንደር ነርሶች ገንዘብ እንዴት ይሰብሰብ ሲባል፣ አትክልት ያላቸው ሰዎች በር ይክፈቱና ሰው አንድ ሽልንግ ይክፈል አሉ። በዚያ ዓመት 609 ግቢዎች ተከፈቱ። ዛሬ ከ3,000 በላይ ናቸው። ገንዘቡ አሁንም ለነርሶችና ለሕሙማን ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ቆርቆሮ ይዞ የሚቀበላችሁ ባለቤቱ ነው፤ ኬኩን የጋገረችው ጎረቤት ናት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የታላላቆቹ ቤቶች መናፈሻ ያምራል፤ ግን ውበቱ ውስጥ ነገር አለ። ከሳሎን ሆናችሁ ስታዩ ሣሩ እስከ በጎቹ ድረስ ያለ አጥር ይዘረጋል። ስትቀርቡ ጉድጓድ አለ፤ ከወዲያ በግ እንዳይሻገር፣ ከወዲህ አጥር እንዳይታይ። «ሃሃ» ይሉታል። በዶርሴት ሚልተን አባስ ደግሞ በ1770ዎቹ ጌታው መስኮቱን የጋረደበትን ከተማ እንዳለ አፍርሶ ነዋሪውን ሌላ ቦታ አስፍሯል። መልክዓ ምድሩን የቀየሰው ኬፓቢሊቲ ብራውን ነው፤ በዘመኑ ከ170 በላይ መናፈሻዎች የሠራ ሰው።

የእሑዱ ግቢ ጠባብ ነው። ቲማቲም አለ፤ ጽጌረዳ አለ። ከጓሮው ጥግ ስንደርስ አክስቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የመሰለ ተክል ነው።

«ይሄ እኮ እንሰት ነው!»

ነው። እንግሊዞች የአቢሲኒያ ሙዝ ይሉታል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሥዕሉን አውጥቶታል። ዛሬ ቀዩ ዓይነት በእንግሊዝ አትክልተኞች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ለቅጠሉ ብለው ነው የሚተክሉት። ባለቤቱ ሽማግሌ መጡና በኩራት አስረዱን። ብርድ ይገድለዋል። በየዓመቱ በኦክቶበር ይነቅሉታል፤ ቅጠሉን ቆርጠው፣ ሥሩን አድርቀው ጋራዥ ውስጥ ያሳድሩታል።

ተረጎምኩላቸው። አክስቴ የጉራጌ ልጅ ናቸው። «ሳይፍቁት?» አሉ።

ሽማግሌው መብላቱን አያውቁም ነበር። ሌላ ችግር ነው የነገሩን፤ አንድ ተክል ብቻ ነው ያላቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይለምኗቸዋል፣ እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ አያወጣም። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና በእጃቸው ያሳዩ ጀመር። ሥሩ፣ አምቾው፣ እዚህ ጋ ይቆረጣል። መሃል ያለው ልቡ ይወጣል። በፍግና በአፈር ይሞላል፤ ይቀበራል። ዝናብ ሲያገኝ ዙሪያውን ይፈላል፤ ሃያም ሠላሳም። እኔ እየተረጎምኩ ነው። ሽማግሌው ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጠው ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉና «አምቾ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ።